ልጄ ያነበበችው ግጥም እና የክፍሉ ኖት አልተስማሙም፤ የተሳሳተው ማን ነው?

ይህን የውይይት ክር እዚህ መድረክ ላይ የከፈትኩት ማክሰኞ ማታ ነው፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። እስከ ዓርብ ድረስ 31 መልስ መጣ። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ሳያነብ ከመሃል እየገባ የተመለሰ ጥያቄ ይደግማል። ስለዚህ የተባባልነውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ የእኔ ጥያቄ።

ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። ትምህርት ቤቷ የውጭ ሥርዓተ ትምህርት ስለሚከተል የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለብቻው ይሰጣል። ግጥም፣ አጭር ልቦለድ እና ተውኔት እያነበቡ ይተነትናሉ። እኔ ስማር እንግሊዝኛ ማለት ሰዋስው እና ምንባብ ነበር። አንድ ቃል ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ የጠየቀኝ መምህር አልነበረም። ስለዚህ ማታ ማታ አጠገቧ ስቀመጥ እኔም እየተማርኩ ነው።

ሰሞኑን የደረሳቸው ሮበርት ፍሮስት ስለ ሁለት መንገዶች የጻፈው ግጥም ነው፤ ያልተሄደበት መንገድ የሚባለው። አንድ ሰው ጫካ ውስጥ መንገዱ ለሁለት ሲከፈልበት ቆሞ ያስባል፣ ከዚያ አንዱን ይመርጣል። በመጨረሻዎቹ ስንኞች፣ ወደፊት ታሪኩን ሲያወራው ብዙ ሰው ያልሄደበትን እንደመረጠና ልዩነቱን ሁሉ የፈጠረው ያ እንደሆነ እንደሚናገር ይገልጻል። ከክፍል የመጣው ባለ ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ጭብጡን በአንድ መስመር ዘግቶታል፦ ብዙ ሰው ያልሄደበትን መንገድ የመረጠ በሕይወቱ ይሳካለታል። ከሥር የዘይቤ ዝርዝር አለ።

ልጄ ኖቱን ገልብጣ አስቀመጠችና ግጥሙን ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው። በሦስተኛው ላይ ቆመች። ሁለቱ መንገዶች እኮ እኩል ነው የተረገጡት አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። እውነቷን ነው። በ2ኛው አንጓ መጨረሻ ላይ ተናጋሪው ራሱ የሁለቱም አረጋገጥ አንድ ዓይነት እንደሆነ ያምናል። በ3ኛው ላይም ያን ቀን ጠዋት በሁለቱም ላይ የወደቀውን ቅጠል ረግጦ ያጠቆረው እግር እንዳልነበረ ይናገራል። ታዲያ ብዙ ሰው ያልሄደበት የሚባለው የቱ ነው?

ይህንኑ ጻፈች። ተናጋሪው ሲያረጅ ታሪኩን አሳምሮ እንደሚያወራው፣ ልዩነቱን የፈጠረው መንገዱ ሳይሆን አተራረኩ እንደሆነ ጻፈች። ወረቀቱ ከ20 11 ይዞ ተመለሰ። ጭብጡ ስህተት እንደሆነና ኖቱን እንድታይ በቀይ እስክርቢቶ ተጽፎበታል። ያን ማታ ራት አልበላችም።

የጠየቅኩት እንግዲህ ይህን ነው። የተሳሳተችው ልጄ ናት ወይ? ለፈተናው ሲባል ኖቱን ሸምድጂው ልበላት?

1ኛው መልስ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የመጣው። ትሑት ሰው ነው፤ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ልጄን መርቆ ነው የጀመረው። ግን ኖቱ ልክ ነው ባይ ነው። ግጥሙ በየምርቃት ካርዱ እና በየአነቃቂ ንግግሩ በዚያው ትርጉም እንደሚጠቀስ አስታወሰኝ። ዓለም ሁሉ አንድ ነገር ሲል አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ሌላ ብትል፣ ፈታኙ የሚያምነው ዓለምን እንደሆነ ይሰማዋል። ምክሩ ኖቱን እንድታጠና፣ የራሷን ሐሳብ ደግሞ ለራሷ እንድትይዝ ነበር።

2ኛዋ በግል ትምህርት ቤት ይህንኑ ትምህርት የምታስተምር መምህርት ናት። 1ኛውን በአክብሮት አረመችው። ፍሮስት እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1915 እንግሊዝ አገር ኖሯል። እዚያ ኤድዋርድ ቶማስ ከሚባል ጸሐፊ ወዳጁ ጋር በእግር ይንሸራሸሩ ነበር። ቶማስ በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ በዚያኛው በሄድን ኖሮ እያለ የሚቆጭ ሰው ነው። ግጥሙ የተነሣው ከዚያ ነው፤ በወዳጅነት የተደረገ ጉንተላ። ቶማስ በኋላ ለውትድርና ተመዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ አራስ በተባለው ግንባር ሞተ። መምህርቷ እንደምታምነው ትርጉሙ የተጣመመው ሰው ግጥሙን በመጨረሻዎቹ ሦስት ስንኞች ብቻ ስለሚያስታውሰው ነው።

ቀጥላ ግን እኔንም መለስ አደረገችኝ። ይህን ታሪክ ማወቅ ብቻውን ማርክ አያስገኝም። ማርክ የሚያስገኘው ልጄ ጣቷን ስንኙ ላይ ማሳረፏ ነው። የካምብሪጅን የአይጂሲኤስኢ (ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ) የሥነ ጽሑፍ ፈተና ምሳሌ አደረገች። መመዘኛዎቹ አራት ናቸው፣ ክብደታቸውም እኩል ነው፦ ጽሑፉን በዝርዝር ማወቅ፣ ትርጉሙን መረዳት፣ ጸሐፊው ቋንቋውን፣ አወቃቀሩንና ቅርጹን እንዴት እንደተጠቀመበት ማሳየት፣ በማስረጃ የተደገፈ የራስ ምላሽ መስጠት። የሌላ ሰው ኖት የሚደግም ተማሪ ከአራቱ አንዱን ገና ሳይጀምር ትቶታል። ይህን ሳነብ ልቤ መለስ አለ።

3ኛው ግጥሙ የት እንደሚገኝ ጠየቀ፤ 4ኛዋ ሊንክ አስቀመጠችለት።

5ኛው ስድስት ኪሎ ሥነ ጽሑፍ የሚማር ወጣት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። በመጨረሻው አንጓ ተናጋሪው ታሪኩን የሚያወራው በረጅሙ እየተነፈሰ ነው። ልጄ ያቺን ትንፋሽ ምን ብላ እንደተረዳቻት ማወቅ ፈለገ።

ጥያቄው አብሮኝ አደረ። በማግስቱ ማታ ቡና አፍልቼ ከልጄ ጋር ቁጭ አልንና ስንኙን ወደ አማርኛ ልንመልሰው ሞከርን። መጀመሪያ፣ እፎይ ብሎ፣ ብላ ጻፈች። ደግማ አነበበችው። እፎይ የሚል ሰው እኮ የተገላገለ ነው፤ ሸክም ያወረደ። ሰረዘችው። ቀጥላ፣ በቁጭት ተንፍሶ፣ አለች። እሱ ደግሞ የተጸጸተ ሰው ሆነ። እሱንም ሰረዘችው። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ሁለቱንም ይዞ ዝም ይላል። አማርኛችን ግን ምረጪ ይላታል። ሁለቱ የተሰረዙ ቃላት ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ቀሩ፤ ግጥሙ ያለው በሁለቱ መሃል ነው። ፍሮስት አልመረጠልንም። ኖቱ ግን መርጦልን ነበር።

ይህን 6ኛ መልስ አድርጌ ለጠፍኩት። ልጄ ያየችውን ሌላ ነገርም ጨመርኩ። መጨረሻው አካባቢ ተናጋሪው እኔ ይልና በሰረዝ ይቋረጣል፤ ቀጣዩ ስንኝ እንደገና እኔ ብሎ ይጀምራል። እርግጠኛ የሆነ ሰው እንዲህ አይናገርም። ታሪኩን ሊያሳምር ሲል ምላሱ ለአፍታ ተያዘበት።

7ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው በፈረንጅ ጫካ ውስጥ መንከራተታችን አበሳጭቶታል። ልጆቻችን በገዛ ቋንቋቸው ሁለት ስንኝ መፍታት ሳይችሉ የሌላ አገር ሰው ትንፋሽ ይመረምራሉ፣ እኛ ወላጆችም ገንዘብ ከፍለን ከሥራቸው እየነቀልናቸው ነው የሚል ወቀሳ ነው። ቃሉ ሻካራ ነበር። 8ኛዋ ግን ተስማማችለት። ልጇ የእንግሊዝኛ ዘይቤዎችን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም ሲያወርድ፣ ሰውኛ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ግን እንደማያውቅ በሐዘን ጻፈች። ይህ እኔንም ነካኝ። የእኔዋም ልጅ ተለዋጭ ዘይቤ እና ተነጻጻሪ ዘይቤ የሚሉትን የሰማችው ከእኔ ነው፤ እኔም የተማርኩት ከአማርኛ መምህሬ ነው።

9ኛው መልስ ከ31ዱ ሁሉ የወደድኩት ነው። የጻፉት ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተዋል። 7ኛውን ልጄ ብለው ነው የጠሩት፤ ቁጣውን ሳይነቅፉ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ባለ ሁለት ስንኝ ሰም እና ወርቅ አነሡ፤ አዳም ዕፀ በለስን መብላቱን እና የመድኃኔዓለምን መሰቀል ከአንዲት ሴት ከንፈር ጋር የሚያገናኘውን። ሰሙ ሃይማኖት ነው፤ በደል እና መስቀል። ወርቁ ፍቅር ነው፤ ከንፈሯን ያየ ሰው ልቡ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁሉም ነገር ያለው መሰቀል የሚለው አንድ ግስ ላይ ነው። ጌታም ተሰቀለ፣ የወደደ ልብም ተሰቀለ። ተማሪው የሚሠለጥነው ያንን ግስ በጆሮው ለማግኘት ነው። መምህሩ ወርቁን አስቀድሞ አይነግረውም፤ ከነገረው ትምህርቱ እዚያው ያልቃል። ልጄ ሁለት ቃል ጽፋ ስትሰርዝ ያደረገችው ይህንኑ እንደሆነ መሰከሩላት።

ማስጠንቀቂያም አክለዋል፤ እሱን አትለፉት። የእንግሊዝኛ ግጥም ሁሉ ሰሙ ተገፎ ወርቁ የሚወጣ አይደለም። ከእኛ የሚሄድ ልጅ ከቅጠሉ ሥር፣ ከጫካው ሥር፣ ከሁሉም ነገር ሥር ምሥጢር እየፈለገ ይደክማል። የፍሮስት መንገድ መንገድም ነው። ቅጠሉም ጠዋት የወደቀ ቅጠል ነው። ያንን ያላየ ልጅ ምሥጢሩንም አያገኘውም።

10ኛው ከእኚህ ጋሼ ሐሳብ ተነሥቶ የሼክስፒር ስንኝ እና የእኛ ወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ አንድ ዓይነት ምት እንደሆኑ ጻፈ። መምህርቷ በ11ኛው ተመልሳ መጣች። ወል ቤት የሚቆጠረው በቀለም፣ ማለትም በቃሉ የድምፅ ክፍልፋይ (ሲላብል) ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ እረፍት፣ ደግሞ ስድስት ቀለም። የሼክስፒር የተለመደው ስንኝ አሥር ቀለም አለው፤ ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ ሳይሆን ጫናው ነው። አምስት ጥንድ ነው፤ በየጥንዱ አንዱ ለስለስ፣ ቀጣዩ ጠንከር ተደርጎ ይነበባል። ተማሪዎቿን ጠረጴዛ እያስመታች ነው የምታስነብባቸው። ከዚያ ማክቤዝ ወደሚባለው የሼክስፒር ተውኔት 5ኛ ገቢር፣ 1ኛ ትዕይንት ትወስዳቸዋለች። ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇን ስታሽ ያ ምት የለም። ንግግሯ ስድ ንባብ ሆኗል። አእምሮዋ ሲፈርስ ስንኙ አብሮ ፈርሷል። ጠረጴዛ ሲመታ የቆየ ልጅ እጁ በድንገት የሚመታው ያጣል፤ ቅርጽ ማለት ምን እንደሆነ የሚገባው ያኔ ነው። 10ኛው ስህተቱን በደስታ ተቀብሎ አመሰገናት። እንዲህ ያለ ሰው ያኑርልን።

ከ12 እስከ 15 ያሉት ከርዕሱ ወጡ። ስለ ፎቶ ኮፒ መወደድ ተጻፈ። ለገሃር እና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ስለሚሸጡ ሰዎች ተጻፈ። አንዱ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን አመሰገነ፤ ልጆች ጸጥ ያለ ቦታ እንዳገኙ። ሌላዋ ወመዘክርን መረጠች። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ፒያሳ የነበረውን የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት አስታወሱ፤ ከሰዓት በኋላ ገብተው እስኪዘጋ ያነቡ ነበር። ርዕሱ ባይሆንም ወደድኩት።

ወደ ነገሩ የመለሰችን 16ኛዋ ናት፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ግጥሙን ትታ ስለ አጭር ልቦለድ ጠየቀች። የደረሳት ኬት ሾፒን እ.ኤ.አ. በ1894 የጻፈችው፣ በአንዲት ሰዓት ውስጥ የሚያልቀው ታሪክ ነው። ልበ ደካማ የሆነች ሚስት ባሏ በባቡር አደጋ እንደሞተ ይነገራታል። ታለቅሳለች፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። በመጨረሻ ባልየው በሕይወት መጥቶ በሩን ከፍቶ ሲገባ እሷ ወድቃ ትሞታለች። ተማሪዋ ጭብጡን ከመጠን ያለፈ ደስታ እንደሚገድል አድርጋ ጻፈችና እንዲታረምላት ለመነች።

17ኛው ጨከነባት። ታሪኩን ሳታነብ ማጠቃለያ ብቻ እንዳየች፣ የደስታው ነገር በታሪኩ መጨረሻ የሚመጡት ሐኪሞች ግምት እንጂ የደራሲዋ ቃል እንዳልሆነ፣ በዚህ አያያዝ ፈተና ባትቀመጥ እንደሚሻላት ጻፈ። ነጥቡ ልክ ነው። ሐኪሞቹ የማያውቁትን አንባቢው ያውቃል፤ ድራማዊ ምጸት የምንለው ይህ ነው። አነጋገሩ ግን ለልጅ የሚሆን አይደለም። 18ኛዋ ይህንኑ ነገረችው፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ልጅን በአደባባይ ማሸማቀቅ ነውር መሆኑን ሳትለሳለስ ጻፈችለት። እሱም አልመለሰም።

ልጅቷ ትጠፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ በ19ኛው ተመለሰች። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብባ ነው የመጣችው። የጻፈችው ስለ መስኮቱ ነበር። ሴትዮዋ ክፍሏ ገብታ የምትቀመጠው በተከፈተ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ባሏ ሞተ የተባለች ሴት የምታየው የዛፎችን ጫፍ፣ የምታሸተው የዝናብን ሽታ፣ የምትሰማው የወፎችን ድምፅ ነው። ውጭው ጸደይ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ መስኮቱ ምን ሊያደርግ ተከፈተ ብላ ራሷን ጠየቀች። ከዚያ ሴትዮዋ ነጻ መሆኗን በሹክሹክታ የምትናገርበት ቦታ ላይ ደረሰችና ገባት። የገደላት ባሏን ማግኘቷ ሳይሆን መስኮቱን ማጣቷ ነው። በሩ ሲከፈት መስኮቱ ተዘጋ።

ይህን ያነበብኩት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ምንም የዘይቤ ስም የለበትም። ግን አንድ ዕቃ ይዛ እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ለእኔ ትንተና ማለት ይህ ነው።

20ኛው የካዛንቺስ አባት ናቸው። ወንድ ልጃቸው የጄ. ቢ. ፕሪስትሊን ተውኔት ይማራል፤ አንድ መርማሪ በእራት ሰዓት ወደ ሀብታም ቤተሰብ የሚመጣበትን። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1912 እንደተጻፈ ገልጸው፣ አባወራው ታይታኒክ እንደማትሰጥም ሲናገር ደራሲው በጊዜው የነበረውን እምነት መዝግቧል አሉ። 21ኛው አረማቸው፣ በትሕትና። 1912 መቼቱ ነው። የተጻፈው ጦርነቱ ሲያልቅ፣ እ.ኤ.አ. 1945 አካባቢ ነው፤ መጀመሪያ መድረክ ላይ የታየውም በ1945 በሶቪየት ኅብረት ነው። ልዩነቱ የዓመት ብቻ አይደለም። አባወራው መርከቧ እንደማትሰጥም፣ ጦርነትም እንደማይመጣ በኩራት ሲናገር፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተመልካች መርከቧ መስጠሟን ያውቃል፤ ሁለት የዓለም ጦርነትም አሳልፏል። ሰውየው ገና አፉን ሲከፍት ተመልካቹ አያምነውም። መቼቱን እና የተጻፈበትን ዘመን ያምታታ ተማሪ ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

22ኛዋ የመብራቱን ነገር ጨመረች። ደራሲው በመድረክ መመሪያው ላይ ብርሃኑ መጀመሪያ ሮዝ እና ሞቅ ያለ እንዲሆን፣ መርማሪው ሲገባ ግን ደማቅ እና ጠንካራ እንዲሆን ጽፏል። ተማሪዎች በሰያፍ የተጻፈውን ስለሚዘሉ ይህን አያዩትም። ቃል ሳይነገር ቤቱ ተቀየረ።

ጋሼ ይህን ሲያዩ በ23ኛው ተመለሱ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ኦቴሎ በወጣትነታቸው ብሔራዊ ቴአትር ቁጭ ብለው አይተዋል። እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ተዋናዩ ሳይናገር የቆመበትን ጊዜ ነው። ተውኔት በዓይን ብቻ ከተነበበ ግማሹ እንደሚቀር ጻፉ። ልጆች ቤት ውስጥ ተከፋፍለው ቃለ ተውኔቱን ይጫወቱት፤ አንዷ እናት ትሁን፣ አንዱ በር ያንኳኳ። እኛ ቤት ሞከርነው። ትንሹ ልጄ መርማሪ ሆኖ የኩሽናውን በር ሲያንኳኳ እህቱ በእውነት ደነገጠች።

ከ24 እስከ 27 ጭቅጭቅ ነበር። አንድ አስጠኚ ነጥብ፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ የሚለውን የአንቀጽ አጻጻፍ አመጣ፤ በዚህ ያልጻፈ ተማሪ አያልፍም ባይ ነው። የስድስት ኪሎው ወጣት ይህ አጻጻፍ ልጆችን አንድ ዓይነት ጡብ እንደሚያደርጋቸው መለሰለት። አስጠኚው ተቆጣ፤ ወጣቱን ሠርቶ የማያውቅ ወሬኛ አደረገው። ወጣቱም አስጠኚዎች በወላጅ ፍርሃት እንደሚነግዱ ጻፈ። ሁለቱም አበዙት። እኔ እንደማስበው ያ አጻጻፍ ለጀማሪ ምርኩዝ ነው፤ ልጄም ተደግፋበታለች። ችግሩ ማብራሪያው ላይ ነው። ብዙ ልጅ ስንኙን ይጠቅስና አንባቢው እንዲቀጥል እንደሚያደርግ ጽፎ ያልፋል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ለየትኛውም ግጥም ይሆናል፤ ስለዚህ ለየትኛውም አይሆንም።

28ኛው መልስ ከበደኝ። የጻፉት ራሳቸው መምህር ናቸው። በአንድ ክፍል 45 ተማሪ አላቸው፤ በሳምንት የሚያርሙት ወረቀት ከአንድ ዘንቢል በላይ ነው። ኖቱ የሚመጣው ከመምህር ስንፍና እንዳልሆነ ጻፉ። ኖት ካልሰጡ ወላጅ ቢሮ ድረስ መጥቶ ልጄ ምን ታጥና ይላል። እኔንም በቀጥታ ጠየቁኝ። ልጄ 18 ብታመጣ ኖሮ ኖቱን አነብበው ነበር ወይ? የልጄን መምህር ሄጄ ሳላነጋግር ለምን እዚህ አደባባይ አወጣሁት?

መልስ ለመጻፍ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በ29ኛው ላይ እውነቱን ተናገርኩ። 18 ብታመጣ ኖቱን አላነብበውም ነበር። ባለፈው ዓመትም እንዲህ ያሉ ኖቶች መጥተው ነበር፤ ማርኳ ጥሩ ስለነበር በፕላስቲክ ፋይል ከማስገባት በቀር አላየኋቸውም። ይቅርታ ጠየቅኩ። በአንድ ነገር ግን አልተመለስኩም። 45 ወረቀት የሚያርም ሰው ሁሉን በዝርዝር ማንበብ አይችልም፤ ይገባኛል። ነገር ግን ስንኝ ጠቅሳ የተከራከረችን ልጅ ኖቱን እይ ብሎ መመለስ፣ ከእንግዲህ ስንኙን አትይ ማለት ነው። የፈራሁት ማርኩን አይደለም። ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ ማንበቧን እንዳትተው ነው።

ሐሙስ ዕለት ልጄ ራሷ ወረቀቱን ይዛ መምህሯ ጋ ሄደች። ሁለቱን አንጓዎች በእርሳስ አስምራባቸው ነበር። ቆሞ አነበበውና ደግሞ እንደሚያየው ነግሮ ተቀበላት። እስካሁን አልመለሰላትም።

30ኛው የስድስት ኪሎው ወጣት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት አብርሆት በር ላይ እንገናኝ፣ መናፈሻው ውስጥ ተቀምጠን አንድ ግጥም ያለ ኖት እናንብብ የሚል ግብዣ ነው። የ12ኛ ክፍሏ ልጅ እንደምትመጣ ጽፋለታለች። አስጠኚውም የልብ ምልክት አድርጓል።

31ኛው ያ የመጀመሪያው ትሑት ሰው ነው። ግጥሙን ሙሉውን ያነበበው ገና ዓርብ ማታ እንደሆነ ጻፈ፤ እስከዚያ የሚያውቀው መጨረሻዋን ብቻ ነበር። ስለ ፈተናው ያለው ስጋት አሁንም አለ። ግን የመንገዶቹን እኩል መሆን አይቶታል። ከልጄ ሁለት ቃላት የትኛው ላይ እንደወሰንን ማወቅ ፈልጎ ነበር፤ እፎይታው ላይ ወይስ ቁጭቱ ላይ።

አልወሰንንም። ሁለቱም እንደተሰረዙ ናቸው። ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ፣ ኖቱ ከነበረበት ገጽ ላይ አስቀምጣታለች።